ጭነት፦ መቶ ሠላሳ ስምንት ኪሎ

ዘጠኝ ኪሎ። ዘጠኝ ኪሎ ከየት ይመጣል?

የጀልባ ነዳፊዋ ሚዛኑን ለሦስተኛ ጊዜ አየችው። መልህቅና ገመድ ሲመዝን የኖረ፣ ማንንም የማያባብል አሮጌ ብረት ነው፤ ለሦስተኛ ጊዜም ያንኑ ነገራት። መቶ አራት። ወረቀቷ ላይ ያለው ግን ዘጠና አምስት ነው፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ስምንት ወር ሙሉ የለፋችው ለዚህ ዘጠና አምስት ነበር። ብሎኖቹን በአሉሚኒየም ያስለወጠችው፣ መቀመጫውን ከእንጨት ወደ ሸራ የቀየረችው፣ ቀለም ቀቢውን «ሁለተኛ እጅ ድገም ማን አለህ?» ብላ ቀኑን ያጨለመችበት ለዚሁ ነበር። የወርክሾፑ ሰዎች ከኋላዋ «እትዬ ግራም» ይሏታል። ታውቃለች፤ እንዲያውም ደስ ይላታል።

ጀልባዋ ባለ ሦስት አካል ናት። መሃል ላይ ረጅምና ቀጭን የሆነችውን ሠራተኞቹ «እናት» ይሏታል። ግራና ቀኝ እንዳትገለበጥ የሚደግፏት ሁለት ትናንሽ ተንሳፋፊዎች ደግሞ «መንታዎቹ» ናቸው። እናትን ከመንታዎቹ ጋር የሚያያይዙት ከፊትና ከኋላ የተጋደሙ ሁለት የእንጨት ክንዶች ናቸው። ሞተር የላትም፤ በሸራ ነው የምትሄደው። የሐይቁ ማዶ ዳርቻ ጥልቀት ስለሌለው ሦስት መቶ እርምጃ የሚሆን የአሸዋ ደለል አለ፤ እዚያ ሲደረስ ሁለት ሰዎች ወርደው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ይዘው ተሸክመዋት ማለፍ አለባቸው። ዘጠና አምስት የመጣው ከዚያ ነው።

«ፍታቸው» አለች አናጢውን። «እያንዳንዱን ለየብቻ እንመዝናለን።»

አናጢው ያለ አንዲት ቃል ፈታታቸው። ግቢው ውስጥ «ሙጫው» ነው የሚሉት፤ እሱ ያጣበቀው እንጨት ስለማይላቀቅ። አፉም አንዴ ከተዘጋ እንደዚያው ነው።

እናት ሃምሳ ሁለት፤ ልክ። መንታዎቹ አሥራ አንድ አሥራ አንድ፤ ልክ። ምሰሶው፣ ሸራውና መሪው አንድ ላይ ዘጠኝ፤ ልክ። ክንዶቹ ሃያ አንድ።

«አሥራ ሁለት ነበር የተባባልነው።»

«አዎ።»

«ይሄ ሃያ አንድ ነው።»

«አዎ።»

«አዎ አዎ አትበለኝ። ምን አድርገህባቸው ነው?»

አናጢው ጆሮው ላይ የሰካውን እርሳስ አውርዶ አየው፤ መልሶ ሰካው። «ከውስጥ በኩል ንብርብር ጨመርኩ። ሁለት ሁለት።»

«ለምን?»

«ይጠንክሩ ብዬ።»

«ደካማ ናቸው ያለህ ማነው? እኔ አስልቼዋለሁ እኮ። ስህተት ካለ ስህተቱን አሳየኝ።»

«ስህተት የለውም። ንድፍሽ ልክ ነው።»

«ታዲያ?»

ታዲያ ምንም። መጥረጊያ አንሥቶ ሰጋቱራውን ይጠርግ ጀመር። ወለሉ ላይ ይሄ ነው የሚባል ሰጋቱራ አልነበረም።

የሁለቱን ነገር ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቁት አባቷ ብቻ ናቸው፣ ወይም የማያውቁ መስለዋል። ግቢውም፣ ሐይቁ ላይ የሚመላለሱት መርከቦችም የአባቷ ናቸው። አናጢው የቀድሞው የግቢው ዘበኛ ልጅ ነው፤ በሩ አጠገብ ባለችው ክፍል አድጎ፣ የወዳደቀ ቁራጭ እንጨት እየለቀመ መላጊያ መያዝ የለመደ ሰው። ሰው ፊት «እርስዎ» ይላታል፤ ሰው ዘወር ሲል «አንቺ»። ሁለት ዓመት ሙሉ የተጻጻፉት እንጨት ላይ ነው። እሷ ጣውላው ላይ «እዚህ ጋ ሁለት ሚሊ ላግ» ብላ ትጽፋለች፤ እሱ ከሥሩ «ላግሁ። ዛሬ እጅሽ ተንቀጥቅጧል፣ አሞሻል?» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ቀለም ይቀባበታል። በአፋቸው ከተነጋገሩት ይልቅ እናት ሆድ ውስጥ በቀለም የተሸፈነው ይበልጣል።

ከሁለት ወር በፊት ማዶ ባለው የቴክኒክ ትምህርት ቤት የንድፍ መምህርነት ተቀጠረች። ስትነግረው የያዘውን እንጨት በመዳፉ ሲዳብስ ቆየና «እንግዲህ እኔ እዚህ ምን ቀረኝ» አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከአፉ የወጣ ትልቁ ቃል ይሄ ነበር። እንደ ሰው አፏን ከፍታ መመለስ ሲገባት ወደ ጠረጴዛዋ ሮጠች፤ ንድፉ ጥግ ላይ ባዶ የነበረውን መስመር ሞልታ አመጣችና ፊቱ ዘረጋችው። ጭነት፦ 138 ኪሎ። የእሷ ክብደት ሃምሳ ስድስት መሆኑን ያውቃል፤ መቀመጫዋን ሲሠራ ጠይቋት ነግራዋለች። የቀረው የማን እንደሆነ ሕፃን ልጅም አይጠፋውም ብላ አመነች። እሱ ቁጥሩን ትክ ብሎ አየ፤ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እሷ ያን ዕለት በደስታ እህል አልወርድ አላት። እሱ ከማግስቱ ጀምሮ ዝም አለ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ዝም እንዳለ ነው።

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አለችው አሁን። «መነሻው ቅዳሜ ነው። ጨምረህ የሠራህበትን ምክንያት መቼ ልትነግረኝ ነው?»

ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ውስጥ የነበረው እልኸኝነት አልነበረም፤ ስንብት ነገር ነበር። እስካሁን ተናዳ ስለነበር ልቧ አልፈራም፤ አሁን ፈራች።

*

በማግስቱ ጠዋት ሸራው ተሰፍቶ አልቆ እንደሆነ ለማየት ወደ ፎቁ ወጣች። ሸራ የሚሰፉት አክስቷ ናቸው፤ የአባቷ ታላቅ እህት። እግራቸውን ዘርግተው፣ ነጩ ሸራ ክፍሉን ሞልቶት፣ መርፌ በከንፈራቸው ይዘው ተቀምጠዋል። መርፌ ያዙም አልያዙም ከመናገር የሚያግዳቸው የለም።

«ሙጫሽ ይሄን ሰጥቶኝ ወረደ» አሉ። «'ይስጡልኝ' አለኝና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ጠፋ። እሳት ያየ ይመስል።»

የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ነው። ተልጎ ለስልሷል፣ ጠርዙም ሳይቀር ተሞርዷል፤ ከላዩ በአናጢ እርሳስ ተጽፎበታል።

«ለነዳፊዋ። ጀልባዋ ተጠናቃለች። የክንዶቹ ብሎኖች በየወሩ ይጥበቁ። መንታዎቹን ጠጠር ላይ እንዳትጎትቷቸው። አብሮዎት የሚሄደው ሰው ልምድ ስለሌለው ከኋላ ክንድ አጠገብ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ድንገት እንዳይነሣም ይንገሩት። እኔ የጣራ ሥራ ስለያዝኩ ቅዳሜ አልገኝም። መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«'ይሁንላችሁ' ይላል። 'እርስዎ' ይለኛል። ማን ሰማን ብሎ ነው 'እርስዎ' የሚለኝ፣ እንጨቱን ነው የፈራው?»

አክስቷ ተቀብለው መነጽራቸውን እያስተካከሉ አነበቡ። «የፍቅር ደብዳቤ ነው ወይስ የዕቃ መረከቢያ?»

«የዕቃ መረከቢያ ነው። አስረከበኝ እኮ። 'አብሮዎት የሚሄደው ሰው' ያለው የወደብ ኃላፊውን ነው። አባባ እኔን ሊድርለት አስቦ ያን ሰውዬ በየሳምንቱ ምሳ ሲጋብዘው ማን ያላየ አለ? ሙጫውም አየ፣ 'በሉ ውሰዷት' አለ፣ ከነአያያዜ መመሪያው ጽፎ አስረከበኝ።»

«ሂጂና ጠይቂው።»

«አልጠይቅም።»

«ለምን?»

«ምን ቀረኝ ልጠይቀው? እኔ ሁሉን ነግሬዋለሁ። አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ከዚያ አልፈልግም አለ። አልፈልግም ያለን ሰው እየተከተልኩ ልለምን?»

«በምን ነገርሽው?» አሉ አክስቷ በጥርጣሬ። «በአፍሽ?»

ነዳፊዋ የሸራውን ጠርዝ ማጠፍ ጀመረች። አክስቷ መርፌውን ከከንፈራቸው አወጡ፤ ይሄንን የሚያደርጉት ትዕግሥታቸው ሲያልቅ ብቻ ነው። «ሁለታችሁንም አንድ ከረጢት ውስጥ ከትቶ መነቅነቅ ነበር» አሉ።

ሊያስቋት ነበር። እሷ ግን ሸራው ላይ ተደፍታ፣ እንባዋ አዲሱን ጨርቅ እንዳያበላሽ በእጅጌዋ እየጠረገች፣ በአንድ ደረቅ ቁራጭ እንጨት ይህን ያህል መጎዳቷ አንጀቷን አሳረራት።

*

ምሳ ላይ የወደብ ኃላፊው መጥቷል። የአባቷ ቤት ከወርክሾፑ ጋር በአንድ ግቢ ነው፤ የምግብ ክፍሉ መስኮት ወደ ውሃው ያያል። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩም እሱ ነው። ክፉ ቢሆን ሥራዋ ይቀልላት ነበር። ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ሣቁ ከሆዱ የሚወጣ፣ ወንበር ስቦ የሚያስቀምጥ ጨዋ ሰው ነው።

«ለቅዳሜ በመርከባችን ሁለት ካቢን ይዣለሁ» አሉ አባቷ ሾርባቸውን እያማሰሉ። «አንዱ ያንቺ ነው። እሱም ማዶ ጉዳይ ስላለው አብሮሽ ይሄዳል። በዚያ መጫወቻ ስትንሳፈፊ ሰው እንዲያይሽ አልፈልግም።»

«መጫወቻ አይደለም፣ አባባ።»

«ስንት ሰው ነው የሚይዘው?»

«ሁለት።»

«የማመላለሻ ባለቤት ልጅ ሆነሽ ሁለት ሰው የሚይዝ ነገር ትሠሪያለሽ?»

ኃላፊው ነገሩን ለማብረድ ሣቀና ሆዱን መታ አደረገ። «እኔማ እዚያች ላይ ብወጣ በቀጥታ ወደ ታች ነው። ሁለት ወር አልፎታል፣ ልጎበኝ መጥቼ ሠራተኞቹ ሚዛኑ ላይ አውጥተውኝ ጉድ ሠሩኝ። ሰማንያ ሁለት! ከዚያ ወዲህ ዳቦ ትቻለሁ።»

የነዳፊዋ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ።

«ስንት?»

«ሰማንያ ሁለት። አታሳፍሪኝ እንጂ።»

«ያኔ አናጢው ነበር?»

«ቀጭኑ ልጅ? ሚዛኑን ያነበበልኝ እሱ ነው።»

መቶ ሠላሳ ስምንት ሲቀነስ ሃምሳ ስድስት። ማስላት አላስፈለጋትም፤ መልሱን ራሷ ነበረች የጻፈችው። ሙጫው እንደ ማንኛውም የጀልባ አናጢ ሰው አይቶ መልኩን ይረሳል እንጂ የተመዘነ ነገር አይረሳም። ቁጥሩን አየ፣ የእሷን ቀነሰ፣ ሰማንያ ሁለት ቀረው፤ ግቢው ውስጥ ሰማንያ ሁለት ሆኖ የተመዘነ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ወር ሙሉ፣ ቀን በቀን፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ለሌላ ሰው ጀልባ ሲሠራ ከረመ። ማንኪያዋን አስቀምጣ ተነሣች።

«ወዴት ነው?» አሉ አባቷ።

«የሒሳብ ስህተት ላርም።»

«ሾርባውስ?»

ደረጃው ላይ ደርሳ ነበር። እግሯ መሬት መርገጡንም ልብ አላለችው።

*

አናጢው መሮዎቹን በዘይት ጨርቅ እየጠረገ የመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ሲደረድር አገኘችው። በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

«ስንት ትመዝናለህ?»

«ምን?»

«ክብደትህን ነው የጠየቅኩህ።»

«ስልሳ ስድስት» አለ ግራ ተጋብቶ።

«ሳጥንህስ?»

«ሳጥኑ ምን አገባው?»

«ሚዛኑ ላይ አውጣው።»

ፊቷን አየና አልተከራከረም። ሳጥኑን አንሥቶ አስቀመጠው። አሥራ ስድስት።

«ደምር።»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ቆመ። እንደገና ተንቀሳቀሰ፤ ስሌቱ የሚከብድ ይመስል። ከዚያ አናጢው ሙጫው፣ ሁለት ወር ሙሉ ፊቱ ያልተፈታው ሰውዬ፣ ወለሉ ላይ ዝርግፍ ብሎ ተቀመጠ።

«ገበያ ስትሄድ እንኳ ያለዚህ ሳጥን አትሄድም» አለች። «ለቅሶ ቤት ይዘኸው ሄደህ የሰዎቹን በር ጠግነህ መጥተሃል። ታዲያ እኔ ሳሰላ ሳጥንህን ትቼ ላስላ? አንተን ከነሳጥንህ ነው የጻፍኩህ። ሰማንያ ሁለት ኪሎ አንተ ነህ።»

«የኃላፊው መሰለኝ።»

«አሁንማ አወቅኩ። ያን ሰውዬ ምን ላደርገው ነው ጀልባዬ ላይ የምጭነው?»

«ጥሩ ሰው ነው» አለ አናጢው ወለሉን እያየ። «አባትሽም ይወዱታል። ደግሞ ከእኔ…»

«ዝም በል። ሲያስፈልግ ዝም ብለህ አሁን ነው የምትናገረው?» ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደች። ድንገት ቆመች። «ክንዶቹስ? ዘጠኝ ኪሎውስ? እስኪ እሱን አስረዳኝ።»

«ኃላፊው ከባድ ሰው ነው» አለ። «ውሃ አያውቅም። ማዕበል ሲመጣ ደንግጦ ወደ አንድ ጥግ ይሄዳል። በንድፉ ልክ ብተዋቸው ይችሉታል፤ ግን ባይችሉትስ? ከእሱ ጋር ያለሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ አጠነከርኳቸው።»

ነዳፊዋ መላጊያውን አንሥታ ልትወረውርበት ምንም አልቀራትም። ይሄ ሰውዬ እየወደዳት፣ ሌላ ሰው ይዟት ሊሄድ ነው ብሎ እያመነ፣ የዚያን ሌላ ሰው ክንድ ሲያነባብር ነው የከረመው። ቢያበላሸው ማን ያውቅበት ነበር? ትቶት ቢሄድ ማን ይወቅሰው ነበር? ተናደደች፣ አዘነችለት፣ ደግሞ ተናደደች። ከሁሉ በላይ ግን ወደደችው፤ ደረቷ እስኪያማት ድረስ ወደደችው።

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

«አንቺስ ለምን በአፍሽ አልነገርሽኝም? እኔ በአፌ ነበር የነገርኩሽ። አንቺ ቁጥር ሰጠሽኝ።»

ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ነው ያበሸቃት።

እሷም ወለሉ ላይ፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «እሺ» አለች። «በአፌ ልንገርህ። እወድሃለሁ። ማዶ አብረኸኝ እንድትሄድ እፈልጋለሁ። ለሥራ አይደለም፣ መሪ እንድትይዝልኝም አይደለም፤ ላገባህ ነው የምፈልገው። አሁንስ ገባህ ወይስ ልሣልልህ?»

«ገባኝ።»

«እና?»

አናጢው ተነሣ። ሱሪውን አራገፈ፣ የሸሚዙን እጅጌ አወረደ፣ ቆለፈውም።

«አባትሽ ቢሮ ገብተዋል?»

«ምን ልታደርግ ነው?»

«አባቴ እዚህ በር ላይ ሃያ ዓመት የቆመው ከዚህ ግቢ ሌባ እንዳይወጣ ነው» አለ። «እኔ በጓሮ ይዤሽ አልወጣም።»

መልስ ከመስጠቷ በፊት ግቢውን አቋርጦ ነበር።

*

የአባቷ ቢሮ ግድግዳ ወርክሾፑን ለማየት እንዲመች መስተዋት ነው። ከወርክሾፑም ሆኖ ቢሮው ይታያል፤ ድምፅ ግን አይሰማም። ነዳፊዋ የመስኮቱን አቧራ በመዳፏ ጠርጋ ቆመች። አክስቷም መርፌያቸውን እንደያዙ ከፎቅ ወርደው ጎኗ ቆሙ።

አባቷ ጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠዋል። አናጢው ፊታቸው ቆሟል፤ በዚያ ቢሮ ሠራተኛ ሁሌ ቆሞ ነው የሚናገረው፣ የሚናገረውም አጭር ነው። አፉን ከፈተ። እስኪዘጋ ጠበቀች። አልዘጋም።

«እየተናገረ ነው» አሉ አክስቷ።

«አየሁ።»

«ገና እየተናገረ ነው።»

«አየሁ አልኩዎት እኮ፣ አክስቴ።»

አምስት ደቂቃ አለፈ። አሥር ሆነ። እጁ ሁሉ ይናገር ነበር፤ ወደ ሐይቁ አመለከተ፣ ወደ በሩ አመለከተ፣ አንድ ጊዜ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆየ። አባቷ አንድ ጊዜ ሊያቋርጡት እጃቸውን አነሡ፤ እሱ ቀጠለ፤ እጃቸው ወረደ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ከዚያ ተነሡ፤ ሊያስወጡት መሰላት። አባቷ ግን ወደ ጥግ ሄደው ወንበር ጎተቱ፣ ጠረጴዛውን ዞረው አመጡና አጠገባቸው አስቀመጡለት። የዘበኛው ልጅ ወንበሩን አየው። ተቀመጠ።

አክስቷ ፊታቸውን አዞሩ። ክር አስቸገረኝ አሉ እንጂ ሲያለቅሱ ነበር።

አባቷ ከብዙ ቆይታ በኋላ ወደ ወርክሾፑ መጡ። ጀልባዋን ዞሯት፤ የፊተኛውን ክንድ በእጃቸው ተጭነው ሞከሩት። ልጃቸውን ሳያዩ «ንፋሱ ቅዳሜ ከሰሜን ነው» አሉ። «ከሦስት ሰዓት በፊት ውጡ። ካቢኑን እኔ ራሴ እሄድበታለሁ፤ ከመርከቡ ላይ ሆኜ አያችኋለሁ።» በሩ ላይ ደርሰው ቆሙ። «ሁላችሁም ደክማችሁኛል» አሉና ሄዱ።

አናጢው ከኋላቸው ገባ። ጆሮው ቀልቷል።

«ምን አልከው?»

«ነገርኳቸው።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ከመጀመሪያ ካየሁሽ ቀን ጀምሮ።»

«ሩብ ሰዓት ሙሉ ነው የተናገርከው። ሁለት ዓመት ቁጭ ብዬ የጠበቅኩትን አባቴ ቀድሞኝ ይስማው? ለእሱ ቃል ሲገኝልህ ለእኔ ምነው ጠፋ?»

«እሳቸውን አልፈራቸውም» አለ አናጢው። «የምፈራው አንቺን ነው።»

ነዳፊዋ የእናት ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና አጠገቧ ያለውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገች።

«ቁጭ በል» አለች። «ከዚያው ቀን ጀምር። አንዲት ቃል ሳትቀንስ።»

አጠገቧ ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ አስቀመጠ፣ ጀመረም። እሷ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ ማልቀስ ጀምራ ነበር።